የኮርኔሊያ ሶራብጂ ሕይወትና የአንድ ፈተና ውጤት

ለዚህ እትም ስለ ብድር አመላለስ እንድጽፍ ነበር የተጠየቅሁት። የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ሁልጊዜ የሚደርሰኝ እሱ ነው። ለዛሬ ግን ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ፣ ከሞተች ከሰባ ዓመት በላይ ስለሆናት አንዲት የሕንድ ሴት ልጽፍ ነው። ምክንያቱ የእህቴ ልጅ ናት።

ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከእናቷ ጋር ፍኖተ ሰላም ነው የምትኖረው። በበዓል ሰሞን ቡሬ እኔ ዘንድ ስትመጣ የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ የምትገለብጥልን እሷ ናት። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከአንደኛና ከሁለተኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም። አያቷ በድንበር ክርክር ምክንያት ከገጠር ወደ ወረዳ ሲመላለሱ እያየች ነው ያደገችው፤ ሕግ እማራለሁ ማለት የጀመረችውም ያኔ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤቷ ሲመጣ ግን ግማሹን አልሞላም። ሦስት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም፤ ቡና ሲፈላ እንኳ ብትጠራ አትመጣም። አንዲት ጎረቤት ደግሞ የክፍል ውጤት እንዲሁ የሚታደል ነው ስትል ሰማሁና ሁለተኛውን ሳልጠጣ ተነሥቼ ወጣሁ።

እኔ በቁጥር የምኖር ሰው ስለሆንሁ ቁጥር ፈለግሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 ሆኑ። ታዲያ የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው? የክፍል ውጤት ዓመቱን ሙሉ በቤት ሥራ፣ በአጫጭር ፈተና፣ በክፍል ተሳትፎ እየተጠራቀመ የሚመጣ ነው፤ ልክ እንደኛ ቁጠባ። አገር አቀፉ ፈተና ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ በምርጫ ጥያቄ የሚወሰን ነው፤ ያውም ልጁ ከቤቱ ርቆ በማያውቀው ግቢ አድሮ። በኛ አካባቢ ደግሞ ትምህርቱ በተቆራረጠባቸው ዓመታት ያለፉ ልጆች ናቸው። ይህን ሁሉ ነገርኋት። አላጽናናትም።

እውነቱን ለመናገር እኔንም አያጽናናኝም። እኔም በጊዜዬ ከክፍሌ ከሦስቱ አንዷ ነበርሁ። ሕግ እማራለሁ ብዬ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወሰድሁና መሰናዶ የሚያስገባው ነጥብ ለጥቂት ጎደለኝ። በዚያው ኮሌጅ ገብቼ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ያዝሁ። እንጀራዬ ነውና አላማርርም። ግን የቡሬን ፍርድ ቤት በር ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔን ወደዚያ መጣሌ አልቀረም።

ስለ ኮርኔሊያ ሶራብጂ ያነበብሁት በዚያው ሰሞን ነው። በአገሯ በሕንድ ስሟ ከመጀመሪያዎቹ ሴት የሕግ ሰዎች ጋር ይነሣል። ታሪኳ የውጭ ስለሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የተወለደችው ኅዳር 15 ቀን 1866 በምዕራብ ሕንድ ናሲክ በምትባል ከተማ ነው። በኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ሊሞቱ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀርቷቸው ነበር። ሕንድ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥር ነበረች። አባቷ ፓርሲ ከሚባለው ማኅበረሰብ ተወልደው ክርስቲያን የሆኑ ሰባኪ ነበሩ። እናቷ ፍራንሲና ሕንዳዊት ሆነው በእንግሊዛውያን ባልና ሚስት ቤት ያደጉ ሲሆኑ፣ ፑና በተባለው ከተማ ለልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው። ቤቱ በሴቶች ልጆች የተሞላ ነበር፤ ወንድሟ አንድ ብቻ ነው።

ኮርኔሊያን ወደ ሕግ የመራት በልጅነቷ ያየችው ነገር ነው። አንዲት ባለጠጋ ሴት እያለቀሱ ወደ እናቷ መጡ። ሴትዮዋ ሀብት ነበራቸው፤ ነገር ግን በመጋረጃ ውስጥ ከሚኖሩት ወገን ናቸው። በዚያ ዘመን በሕንድ ብዙ የትልልቅ ቤት ሴቶች፣ ሂንዱም ሆኑ እስላም፣ ከባልና ከቅርብ ዘመድ በቀር ወንድ አያያቸውም፤ እነሱም ወንድ አያነጋግሩም። ርስት ቢወርሱ የሚያስተዳድርላቸው ሌላ ነው። ቢበደሉ ጠበቃው ወንድ፣ ዳኛው ወንድ፣ ጸሐፊው ወንድ ነው፤ ከማናቸው ጋር ይነጋገሩ? የኒህ ሴት አስተዳዳሪ ምን እንደሚጻፍበት በማያውቁት ወረቀት ላይ አስፈረማቸውና ሀብታቸውን ወሰደው። ኮርኔሊያ ገና ሕፃን ሳለች ይህን ሰምታ፣ እናቷም እንዲህ ያሉትን ሴቶች መርዳት ከፈለግሽ ሕግ ተማሪ ስላሏት፣ ነገሩ በልቧ ቀረ።

እዚህ ላይ የኛን እህት ሳላነሣ አላልፍም። የማዳበሪያ ብድር መስሏት አሻራዋን ያኖረችበት ወረቀት፣ ኋላ ሲነበብ መሬቷን ለብዙ ዓመት ማከራየቷን የሚናገር ሆኖ የተገኘባትን። መጋረጃ የለብንም፤ ገበያ እንወጣለን፣ ማኅበር እንጠጣለን። ወረቀቱ ግን ለብዙዎቻችን እስከ ዛሬ መጋረጃ ነው።

የቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ ያን ጊዜ ሴት ተማሪ አያውቅም። የመግቢያ ፈተናውን አልፋ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች፤ በፑና ዴካን ኮሌጅም በወንዶች መካከል ብቻዋን ተቀመጠች። አንዳንዶቹ ወጣቶች ወደ ክፍል እንዳትገባ በሩን ይዘጉባት ነበር። እሷ ግን አልቀረችም። በመጨረሻው ፈተና ከኮሌጇ አንደኛ ወጣች። ይህን ውጤት ያመጣ ተማሪ በመንግሥት ወጪ እንግሊዝ አገር ሄዶ እንዲማር የሚያስችል ሽልማት ነበር። ሽልማቱን ግን ከለከሏት። ምክንያቱ ሴት መሆኗ ብቻ ነበር። እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሳነብ የታየኝ፣ ገቢው በትክክል ተመዝግቦ ሳለ ባለቤቱ የማይታወቅ ተብሎ የታገደ ሒሳብ ነው።

ገንዘብ ስላልነበራት አሕመዳባድ ወደሚገኘው ጉጃራት ኮሌጅ ሄዳ አስተማረች። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ወንዶችን እንግሊዝኛ ስታስተምር ይታያችሁ። ነገሩ እንግሊዝ አገር ሲሰማ የአንድ ታዋቂ ዳኛ ባለቤት የሆኑት ሜሪ ሆብሃውስ በጋዜጣ ጽፈው መዋጮ ጀመሩላት። ካዋጡት መካከል በነርስነት ሙያ ስሟ በኛም አገር የሚታወቀው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ትገኛለች። እንግዲህ በሴቶች መዋጮ ነው የተማረችው ማለት ይቻላል፤ እኛ እቁብ የምንለው ዓይነት ባይሆንም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በ1889 ኦክስፎርድ ገባች። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት፣ አፄ ምኒልክም የነገሡበት ዓመት ነው። የተቀመጠችው ለሴቶች በተከፈተው በሶመርቪል ነበር። ሕግ መማር እፈልጋለሁ ስትል ብዙው ሰው ግራ ገባው፤ ሴት ጠበቃ በእንግሊዝም አልነበረማ። የቤሊዮል ኮሌጅ የበላይ የነበሩት ቤንጃሚን ጆወት የተባሉ ሽማግሌ ምሁር ግን ደገፏትና መምህራን አመቻቹላት። ኦል ሶልስ የተባለው ኮሌጅም ሴት ገብታበት በማታውቀው የሕግ ቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጣ እንድታነብ ፈቀደላት።

በነገራችን ላይ በዚያው ዘመን ሌላ ሕንዳዊ ወጣት ለንደን ውስጥ ሕግ ያጠና ነበር። ጋንዲን የማያውቅ የለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተጠራው ሆስፒታል ስንቶቻችንን አዋልዷል። ጋንዲ ለንደን ሳለ የወሰደውን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ ላቲን ወድቆ ነበር፤ ደግሞ አጥንቶ ተቀመጠና አለፈ። በ1891 ጠበቃ ሆኖ አገሩ ሲመለስም በመጀመሪያው ክርክሩ ቦምቤይ ችሎት ላይ ቆሞ አፉ ተሳሰረና መናገር አቅቶት ገንዘቡን መልሶ ወጣ። ይህንን ለእህቴ ልጅ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ወደ ኮርኔሊያ ልመለስ። ለመፈተን የፈለገችው የሲቪል ሕግ ባችለር የሚባለውን ነበር። ስሙ ባችለር ይሁን እንጂ ኦክስፎርድ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ሰዎች የሚወስዱት ከባድ ፈተና ነው፤ የሮማ ሕግ ሳይቀር አለበት። ሴት ተቀምጣበት አታውቅም። ከፈታኞቹ ወገን ሴት አንፈትንም የሚል ተነሣ። ከወንዶቹ ተለይታ በማደሪያዋ ግቢ ትፈተን የሚል ሐሳብም መጣ፤ እሷ ግን ይህን አልተቀበለችም፤ ለብቻዋ ከተፈተነች ውጤቱ እንደ ሌሎቹ እንደማይቆጠርላት ታውቃለች። ወዳጆቿ ደብዳቤ ጻፉ፣ ሎሌ እንደ ላከ ሰው ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። በመጨረሻ ፈተናው ሊደርስ ሲል ዩኒቨርሲቲው ለእሷ ብቻ የሚሆን ልዩ ውሳኔ አሳለፈና በ1892 ተቀመጠች።

ውጤቷ ሦስተኛ ማዕረግ ሆነ።

አልፋለች፤ ግን ከዝቅተኞቹ ጋር ነው። በአገሯ አንደኛ ወጥታ፣ የመንግሥት ሽልማት ተከልክላ፣ በሰው መዋጮ ባሕር ተሻግራ፣ ስንት ሰው ዓይኑን ጥሎባት ሳለ ሦስተኛ ማዕረግ! በጣም አዘነች። የሚጠሏት ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም፤ ያቺ የኛ ጎረቤት ካለችው አይለይም። ሕንድ ያገኘችው ውጤት እንዲሁ የታደለ ነበር ለማለት ይመቻል።

እኔ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ። ሕንድ ውስጥ አንደኛ የወጣችውም እኮ በፈተና ነው። ፈተና የማይሆንላት ሰው አይደለችም፤ ይህ አንዱ ፈተና ነው ያልሆነላት። በዚህኛው ፊት ለፊቷ ያሉት ወንዶች ሕጉን ከእሷ ቀድመው የጀመሩ፣ ቋንቋው የእናታቸው ቋንቋ የሆነ፣ ፈተና ይፈቀድልኛል ወይስ አይፈቀድልኝም ብለው አንድ ሌሊት እንኳ ያልተጨነቁ ናቸው። እሷ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግማሹን ጉልበቷን በፈቃዱ ጉዳይ ጨርሳለች። የማዕረግ ዝርዝሩ ይህን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም። ሒሳብ ላይም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ድምር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ገንዘቡ በምን መንገድ እንደ መጣ አያውቅም። ይህን ስል ግን ሦስተኛ ማዕረግ ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም። የሮማ ሕጉን በደንብ አልያዘችው ይሆናል፤ ጎደሎ ጎደሎ ነው። የእህቴ ልጅም በሒሳብና በእንግሊዝኛ የጎደላት እንዳለ ራሷ ታውቃለች።

ደግሞ ውጤቱ አንደኛ ማዕረግም ቢሆን ዲግሪው አይሰጣትም ነበር። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም። ለንደን ውስጥ ከሕግ ቢሮ ገብታ ሥራ ለመደች፤ የጠበቆች ማኅበሩ በር ግን በእንግሊዝም በሕንድም ለሴት ዝግ ነው። ወንድሟም ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ፤ ለእሱ በሩ ተከፍቶ ነበር። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድምና እህት!

በ1894 አገሯ ተመለሰች። በመጋረጃ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ጉዳይ በትናንሾቹ መሳፍንት ግዛቶች ውስጥ ለማቅረብ ተፈቀደላት፤ አቤቱታቸውን ትጽፋለች፣ ታስገባለች፤ እንደ ጠበቃ ቆማ ልትሟገትላቸው ግን አትችልም። ራሷ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ከመጀመሪያ ጉዳዮቿ አንዱ የዝሆን ጉዳይ እንደ ነበር ትተርካለች። ለዝሆኑ የተሰጠ የዛፍ ቦታ ተወስዶበት ነው። ፈራጁ ራሱ የአገሩ ገዥ ነበር። ውሻዬ ወዶሻልና ፈርጄልሻለሁ አላት ይባላል። ያን ያህል ዓመት የሮማ ሕግ ያጠናች ሴት በውሻ መልካም ፈቃድ ስትረታ ሳቅም ለቅሶም ነው።

በ1896 ደግሞ ፑና ውስጥ በአንድ የነፍስ ግድያ ክስ ከተከሳሽ ጎን ቆማ ተከራከረች። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ተከሳሽ የፈለገውን ሰው እንዲያቆም ይፈቅድ ስለነበር በዚያ ቀዳዳ ነው የገባችው። ሕጉን አንብባ ቀዳዳውን ያገኘችው ሦስተኛ ማዕረግ የተባለችው ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ከሁሉ ይልቅ ይገርመኛል። እንደገና ለፈተና ተቀመጠች። በ1897 የቦምቤይ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ፈተና፣ በ1899 ደግሞ የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለጠበቆች የሚሰጠውን ፈተና ወሰደች። ኦክስፎርድ የተማረች ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ገና ጀማሪ ከሆኑ ወጣቶች ጋር። ቢሆንም ስሟ ከጠበቆች መዝገብ አልገባም። እኔ በአሥረኛ ክፍል አንድ ጊዜ ነጥብ ጎድሎኝ ዳግመኛ ልፈተን ብዬ አላሰብሁም፤ ደግሞ የሚፈተን ሰው ያሳፍር ይመስለኝ ነበር። ያንን ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሌላ መንገድ ስትፈልግ ቆየች። በ1902 ለመንግሥት ማመልከት ጀመረች። በመጋረጃ ያሉ ሴቶችንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ርስት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን ወንዶች በመሆናቸው ከሴቶቹ ጋር መነጋገር አይችሉም። እኔ ልግባላቸው አለች። በ1904 በቤንጋል ተቀጠረች፤ ቀስ በቀስም ሥራዋ ወደ ቢሃር፣ ኦሪሳና አሳም ሰፋ። እስቲ አስቡት፤ ወንድ ጠበቃ ሁሉ ማዕረጉ ምንም ያህል ቢሆን የማያልፈውን መጋረጃ እሷ ብቻ ገልጣ ትገባለች።

ሃያ ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ቆየች። በባቡር፣ በጀልባ፣ በሰው ትከሻ በሚያዝ ቃሬዛ፣ አንዳንዴም በዝሆን እየሄደች ከስድስት መቶ በላይ ሴቶችንና ወላጅ አልባ ልጆችን ረድታለች፤ ከአንዳንዶቹም ምንም አልተቀበለችም። ሥራው የችሎት ሙግት ብቻ አልነበረም። የሴቲቱ ርስት በዓመት ስንት ያስገባል፣ ለእሷ የሚደርሳት ስንት ነው፣ ወራሹ ልጅ ይማራል ወይ፣ ምራትና አማት ለምን ተጣሉ፣ ይህን ሁሉ መጋረጃው ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ስለነዚህ ሴቶች መጻሕፍትም ጻፈች። በ1909 መንግሥት የወርቅ ሜዳልያ ሰጣት። ጠበቃ የሚለውን ስም ግን ገና አልሰጣትም።

ሕጉ የተለወጠው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1919 እንግሊዝ ለሴቶች የጠበቃነትን በር ከፈተች፤ በ1920 ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ኮርኔሊያ በ1922 ሄዳ የ1892ቱን ዲግሪዋን ተቀበለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! በተከታዩ ዓመት፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1923፣ ለንደን ውስጥ ሊንከንስ ኢን ከሚባለው የጠበቆች ማኅበር ገባች። በዚያው ዓመት ሕንድም ሴቶች በጠበቃነት እንዲሠሩ ፈቀደች። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ እየተቃረበ ነበር።

መጨረሻው እንደ ተረት ያማረ ቢሆን ደስ ባለኝ። አልሆነም። ካልካታ ሄዳ በከፍተኛው ፍርድ ቤት መሥራት ጀመረች፤ የወንዶቹ ጥላቻ ግን በችሎት እንዳትቆም አድርጎ፣ ሥራዋ ባብዛኛው በጉዳዮች ላይ የሕግ አስተያየት ጽፎ ማቅረብ ሆነ። ዓይኗም እየደከመ መጣ። በ1929 ሥራውን ተወች።

ስሟን ያጎደፈ ሌላ ነገርም አለ፤ ስለምወዳት ብቻ ልደብቀው አልፈልግም። ሕንድ ነፃነቷን ስትጠይቅ ኮርኔሊያ ከእንግሊዝ ወገን ቆመች። ጋንዲን ተቃወመች። አንዲት አሜሪካዊት ስለ ሕንዳውያን የጻፈችውንና አገሩን ሁሉ ያስቆጣውን መጽሐፍም ደግፋ ተናገረች። ብዙ ሴቶች፣ ያውም እሷ በሩን የከፈተችላቸው፣ በዚህ ምክንያት ራቋት። እኔ የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝ፤ በቡሬና በደንበጫ መንገድ ከጣሊያን ጋር የተዋጉትን ሰዎች ታሪክ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ይህ የሕይወቷ ክፍል አይዋጥልኝም። እናቷ በእንግሊዛውያን ቤት ያደጉ መሆናቸው፣ ያስተማሯትም እንግሊዛውያን መሆናቸው ያስረዳ ይሆናል፤ ግን አያስመልጣትም። የመጋረጃ ውስጥ ሴቶችን እንባ ያየች ሰው የአገሯን እንባ ለምን አላየችም እያልሁ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ።

የመጨረሻ ዘመኗን ለንደን ኖረች፤ የሁለተኛው ጦርነት ቦምብም እዚያው አገኛት። ሐምሌ 6 ቀን 1954 በሰማንያ ሰባት ዓመቷ ሞተች። አላገባችም፤ ልጅም አልነበራትም። ብዙ ዓመት ተረስታ ቆየችና በ2012 ያ ለሠላሳ ዓመት በሩን የዘጋባት ሙያ መቀመጫ በሆነው በሊንከንስ ኢን ምስሏ ተቀርጾ ቆመ።

ይህን ታሪክ ለእህቴ ልጅ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነገርኋት። ስለ ሜዳልያውም ስለ ምስሉም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ሦስተኛ ማዕረግ ባመጣች በማግሥቱ ምን አደረገች ብላ ነው። ለንደን ሄዳ ከሕግ ቢሮ ገብታ ሥራ መልመድ ጀመረች አልኋት። ዝም አለች። ቆይታ ደግሞ የሁለተኛውን ፈተና ጉዳይ ጠየቀችኝ፤ ሠላሳ ዓመት አልፏት ከወጣቶች ጋር ስትቀመጥ አላፈረችም ወይ አለች። አፍራ ይሆናል፤ ግን ተቀመጠች አልኋት።

በሦስተኛው ቀን ደብተሮቿን አወጣች። አብረን ተቀምጠን የጎደላትን እንደ ሒሳብ ለየነው። ታሪክና ጂኦግራፊ ደኅና ናቸው። እንግሊዝኛው የወደቀው ምንባቡን ማንበብ አቅቷት ሳይሆን ጊዜ አልቆባት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ሳታነብ በግምት ሞልታለች። ሒሳቡ ግን እውነተኛ ጉድለት አለው፤ ትምህርቱ በተቆራረጠበት ወቅት ያልተማረቻቸው ምዕራፎች አሉ። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው በሰዓት ልምምድ የሚሞላ፣ ሁለተኛው መምህር የሚፈልግ። ለሒሳቡ የኔ ዲፕሎማ በቂ ሆኖ ተገኘ። ማታ ማታ በስልክ አስጠናታለሁ፤ ኔትወርክ ሲኖር።

ግማሹን ባትሞላም ለሪሜዲያል የሚያበቃ ነጥብ አላት። ከ2015 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ልጆች በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት እንዳለ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር፤ የወደቁ ልጆች የሚማሩት ነው ብላ። አሁን ተመዝግባለች። ካለፈች የመጀመሪያውን ዓመት ተምራ የሕግ ትምህርት ክፍልን ትመርጣለች፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው። ይደርሳት አይድረሳት አላውቅም። እናቷ ለትራንስፖርትና ለልብስ የሚሆን ከማኅበራችን ብድር ጠይቃለች፤ ኮሚቴው ያየዋል፤ እኔ ዘመድ ስለሆንሁ ድምፅ አልሰጥም።

ከመሄዷ በፊት ባለው የወሩ መጨረሻ እሑድ ስብሰባችን ላይ ትገኛለች። ያልተነበበላችሁ የኪራይ ውል፣ የመሬት ደብተር ወይም መጥሪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እሷ ታነባለች፤ ያልገባትን በምልክት ታኖረዋለች፤ እኔ ደግሞ ቁጥሩን አያለሁ። እትዬ፣ እርስዎም ያን በሳጥን ያኖሩትን ወረቀት አይርሱ።